የአንጎል ደም ሥሮች በኤም.አር.አይ. እንዴት ይታያሉ?
የማሽኑ አስተካከልና የታማሚው ድርሻ

በዛሬው የጤናና የሥነ ምግብ ዓምዳችን ብዙ ቤተሰብ ስሙን እየሰማ አሠራሩን ስለማያውቀው አንድ ምርመራ እንማማራለን። ይኸውም የአንጎል ደም ሥሮች የሚታዩበት የኤም.አር.አይ. ምርመራ ነው። ትምህርቱ ጥቂት ቁጥሮች አሉት። ሆኖም ቀስ ብላችሁ ካነበባችሁት ለማንም የሚገባ ነው።

በመጀመሪያ አንድ የሐሙሲት አባት እናስብ። ዕድሜያቸው ስልሳን አልፏል፤ ከባሕር ዳር ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ሩዝ ያመርታሉ። አንድ ቀን ለሱብሒ ሰላት ሊነሱ ሲሉ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው፤ አፋቸው ወደ ጎን ዞረ፤ ንግግራቸውም ተያያዘ። ቤተሰቡ ተደናገጠ። ግማሹ “ምች ነው” አለ፣ ግማሹ “ጅኒ ነክቷቸው ነው” አለ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግን ሁሉም ነገር ተመለሰላቸውና “ደህና ነኝ፣ አትጨነቁ” አሉ።

ልጃቸው ግን አልተዋጠላትም። ባሕር ዳር ወሰደቻቸው። ሐኪሙ ደም ግፊታቸውን ለካ፣ ሲቲ ስካን አዘዘ፣ ቀጥሎም “የአንጎልና የአንገት ደም ሥር ኤም.አር.አይ. ያስፈልጋል” ብሎ ጻፈ። ቤተሰቡ ለመምከር ተቀመጠ። “ሲቲ ስካኑ አይበቃም ወይ? ሰውነታቸው ይቀደዳል ወይ? ጥጃ ሸጠን የምናስነሳው ምስል በእርግጥ የሚጠቅም ነገር ያሳያል ወይ?” ተባባለ። እኚህ አባት ለምሳሌ ያነሣናቸው ናቸው። ጥያቄው ግን በየቤቱ የሚነሣ እውነተኛ ጥያቄ ስለሆነ መልሱን ደረጃ በደረጃ እናያለን።

የአንጎል ደም ሥሮች ለምን ይህን ያህል ያሳስባሉ?

የአዋቂ ሰው አንጎል 1.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከሰውነታችን ክብደት መቶ እጅ ሁለቱን ብቻ ይይዛል ማለት ነው። ነገር ግን ልብ ከምትረጨው ደም ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆነውን ይወስዳል። ለራሱ የሚሆን ጎተራ የለውም፤ ኦክስጅንና ስኳር በየደቂቃው ካልደረሰው ይጎዳል። የአንጎል ዋና ደም ቅዳ ሲዘጋ በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ገደማ የአንጎል ሕዋሳት እንደሚሞቱ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት አስልቷል።

ደሙ ወደ አንጎል የሚወጣው በአራት ደም ቅዳዎች ነው። ሁለቱ በአንገት ፊት ለፊት ግራና ቀኝ ይሄዳሉ፤ በጣታችሁ ስትነኳቸው ሲመቱ የሚሰሙት እነርሱ ናቸው። ሁለቱ ደግሞ በአንገት አጥንት ውስጥ አልፈው ከኋላ ይገባሉ። አራቱም ከአንጎል ሥር ተገናኝተው ቀለበት ይሠራሉ። ይህን ቀለበት እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ እ.ኤ.አ. በ1664 ባሳተመው መጽሐፍ በዝርዝር ስለገለጸው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ከእነዚህ ሥሮች አንዱ ቢጠብ ወይም በረጋ ደም ቢዘጋ ስትሮክ ይመጣል። ግድግዳው ሳስቶ እንደ ፊኛ ቢያብጥና ቢፈነዳ ደግሞ ደም ወደ አንጎል ይፈሳል። የምሳሌያችን አባት የደረሰባቸው ዓይነት መጥቶ የሚሄድ ምልክት ብዙ ጊዜ የትልቁ ስትሮክ ማስጠንቀቂያ ነው። ትልቁ አደጋ በቀጣዮቹ ቀናት ውስጥ ሊከተል ስለሚችል “ተመለሰልኝ” ተብሎ አይተውም። ሐኪሙም የጠበበው ሥር የትኛው እንደሆነ ማወቅ የፈለገው ለዚህ ነው።

የሲቲ ስካኑ ሥራ ሌላ ነው። አንጎል ውስጥ ደም መፍሰስ አለመፍሰሱን በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚያሳይ በድንገተኛ ጊዜ ቀዳሚ ነው። ያለ መድኃኒት የተነሣ ተራ ሲቲ ስካን ግን የደም ሥሮቹን ውስጣዊ ስፋት አጥርቶ አያሳይም።

ወደዚህ ዕውቀት እንዴት ተደረሰ?

የደምን ጉዞ በትክክል የመግለጽ ታሪክ ረጅም ነው። በደማስቆ ተምሮ በካይሮ የሠራው ሐኪም ኢብኑ ነፊስ፣ በኢብኑ ሲና የሕክምና መጽሐፍ የአካል ክፍል ትምህርት ላይ እ.ኤ.አ. በ1242 በጻፈው ማብራሪያ፣ ደም ከልብ ቀኝ ክፍል ወደ ሳንባ ሄዶ ወደ ግራው ክፍል እንደሚመለስ አስረድቷል። ከእርሱ በፊት የነበረው ትምህርት ደም በሁለቱ የልብ ክፍሎች መካከል ባለ ቀዳዳ ያልፋል የሚል ነበር። እርሱ ግን እንዲህ ያለ ቀዳዳ የለም አለ።

በሕይወት ያለ ሰው የአንጎል ደም ሥር በምስል የታየው ግን ብዙ ቆይቶ ነው። ፖርቱጋላዊው ሐኪም ኤጋስ ሞኒዝ እ.ኤ.አ. በ1927 በአንገት ደም ቅዳ ውስጥ በራጅ የሚታይ ፈሳሽ በመርፌ ሰጥቶ ፎቶ አነሣ። መንገዱ ጠቃሚ ቢሆንም አደጋ ነበረው። ዛሬ በቀጭን ቱቦ የሚሠራው የደም ሥር ራጅ ከዚያ የመጣ ነው፤ አሁንም ለአስቸጋሪ ጉዳዮች ወሳኙ ምርመራ እርሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካዊው ፖል ላውተርበር በማግኔትና በራዲዮ ሞገድ ምስል መሥራት እንደሚቻል አሳየ። እንግሊዛዊው ፒተር ማንስፊልድም ዘዴውን አሻሻለው። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ2003 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በ1980ዎቹ ውስጥ ደግሞ ያለ መርፌና ያለ ቱቦ የደም ሥርን ብቻ አጉልቶ የሚያሳየው ዘዴ ተገኘ። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ዘዴ ነው።

ማሽኑ ምን ያደርጋል?

ኤም.አር.አይ. የራጅ ጨረር አይጠቀምም። በመሠረቱ ትልቅ ማግኔት ነው። የማግኔት ኃይል ቴስላ በሚባል መለኪያ ይለካል። በብዙ ሆስፒታሎች የሚገኘው ባለ 1.5 ቴስላ ማሽን ከምድራችን የማግኔት ኃይል 30,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ባለ 3 ቴስላም አለ፤ ከ0.5 ቴስላ በታች የሆኑ ደካሞችም አሉ።

ሰውነታችን በአብዛኛው ውሃ ነው፤ ውሃ ደግሞ ሃይድሮጅን አለው። የሃይድሮጅን እምብርቶች በማግኔቱ ውስጥ በአንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ። ማሽኑ አጭር የራዲዮ ሞገድ ሲልክባቸው ከሰልፋቸው ያዘነብላሉ፤ ሲመለሱም መልስ ያስተጋባሉ። አንቴናው ያንን ማስተጋባት ተቀብሎ ወደ ኮምፒውተር ይልካል፤ ኮምፒውተሩም ምስል ያደርገዋል። ማሽኑ ሲሠራ የሚሰማው ከባድ ኳኳታ የሚመጣው በውስጡ ያሉ ጥቅልሎች ኤሌክትሪክ እየተቀያየረባቸው ሲርገበገቡ ነው፤ አያስፈራም።

ደሙ ያለ መድኃኒት ለምን ያበራል?

የፎገራን ሜዳ የሚያውቅ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል። በጠራራ ፀሐይ በሩዝ ማሳ ላይ የተኛ ውሃ ይሞቃል። ከቦይ አዲስ የሚገባው ውሃ ግን ቀዝቃዛ ነው። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በማሳው ውስጥ በባዶ እግር ብትሄዱ፣ አዲሱ ውሃ በየት በየት እንደሚያልፍ በቅዝቃዜው ብቻ መለየት ትችላላችሁ።

ማሽኑም እንደዚሁ ያደርጋል። በአንድ የአንጎል ክፍል ላይ የራዲዮ ሞገዱን በፍጥነት እየደጋገመ ይልካል። በቦታው ያለው የአንጎል ሥጋ በሞገዱ ብዛት ይደክምና መልስ መስጠት ያቅተዋል፤ ስለዚህ በምስሉ ላይ ይጠቁራል። ከታች ከአንገት አዲስ የሚገባው ደም ግን ገና ሞገዱ አልነካውም። ስለዚህ ጠንካራ መልስ ይሰጣል፤ በምስሉም ላይ ነጭ ሆኖ ያበራል። በባለሙያዎች ዘንድ “ታይም ኦፍ ፍላይት” የሚባለው ዘዴ ይህ ነው። መድኃኒት ሳይገባ ራሱ የደሙ ጉዞ ምስሉን ይሠራል።

ከዚህ አንድ ትልቅ ነገር እንረዳለን። ምስሉ የሚያሳየን የሚሄደውን ደም እንጂ የደም ሥሩን ግድግዳ አይደለም። ስለዚህ ማሽኑ ከደሙ ፍጥነት ጋር ካልተስማማ ክፍት የሆነ ሥር የተዘጋ ሊመስል ይችላል። የማሽኑ አስተካከል የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው።

ባለሙያው የሚያስተካክላቸው ነገሮች

አንደኛ፦ የድግግሞሽ ጊዜ። ይህ በአንድ ሞገድና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜ ነው። ለዚህ ምርመራ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 35 ሚሊ ሰከንድ ይደረጋል። ሚሊ ሰከንድ ማለት የሰከንድ አንድ ሺህኛ ነው። እስቲ እናስላው። በአንጎል ዋና ደም ቅዳ ውስጥ ደም በሰከንድ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይጓዛል። የድግግሞሽ ጊዜው 25 ሚሊ ሰከንድ ቢሆን፣ ደሙ በሁለት ሞገዶች መካከል 1.5 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። የሚነሣው ክፍል 4.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ቢኖረው ደሙ ሦስት ሞገድ ብቻ ቀምሶ ያልፋል ማለት ነው። በሰከንድ 10 ሴንቲ ሜትር የሚጓዝ ቀርፋፋ ደም ግን ያንኑ ክፍል ለማቋረጥ 18 ሞገድ ይቀምሳል። እንደ አንጎል ሥጋ ደክሞ ከምስሉ ይጠፋል። የድግግሞሽ ጊዜው ሲረዝም ቀርፋፋው ደም ይተርፋል፤ ነገር ግን የአንጎሉ ሥጋም ያርፍና መልሶ ይነጣል፤ ምርመራውም ይረዝማል። ስለዚህ ሚዛን ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፦ የማዘንበያ ማዕዘን። ሞገዱ የሃይድሮጅን እምብርቶችን ምን ያህል እንደሚያዘነብል የሚወስን ነው። በማሳው ምሳሌ የፀሐዩ ብርታት ማለት ነው። ከ15 እስከ 25 ዲግሪ የተለመደ ነው። ማዕዘኑ ሲበዛ የአንጎል ሥጋ በደንብ ይጠቁራል፤ ደሙም ግን ሩቅ ሳይደርስ ይደክማል። ሲያንስ ደሙ ሩቅ ይደርሳል፤ ዙሪያው ግን አይጠቁርም። ጥሩ መፍትሔ የተገኘለት ሞገዱን ደሙ በሚገባበት በኩል ደከም፣ በሚወጣበት በኩል በርታ በማድረግ ነው። በዚህ ዘዴ ደሙ መግቢያው ላይ ሳይደክም ወደ ዳር ይደርሳል።

ሦስተኛ፦ የክፍሉ ውፍረት። ረጅም ማሳ ላይ አዲሱ ውሃ ዳር ሳይደርስ ይሞቃል። ገበሬው ማሳውን በትንንሽ ክፍል እንደሚከፍለው ሁሉ፣ ባለሙያውም አንጎሉን በአንድ ወፍራም ክፍል ፋንታ በሦስት ወይም በአራት ቀጫጭን ክፍሎች ያነሣዋል። ክፍሎቹ ጫፍና ጫፋቸው እንዲደራረብ ይደረጋል፤ ያለዚያ በመገናኛው ላይ ጥቁር መስመር ይወጣና የደም ሥር መጥበብ ይመስላል።

አራተኛ፦ የማስተጋቢያ ጊዜ። ከሞገዱ እስከ መልሱ ያለው ጊዜ ነው። አጭር መሆን አለበት፤ ምክንያቱም ሥሩ በጠበበበት ቦታ ደም ይሽከረከራል፤ የሚሽከረከር ደም ደግሞ ጊዜ ከተሰጠው መልሱን ያጣል። በባለ 1.5 ቴስላ ማሽን 7 ሚሊ ሰከንድ ገደማ፣ በባለ 3 ቴስላ ደግሞ 3.5 ገደማ ብዙ ጊዜ ይመረጣል። በእነዚህ ቅጽበቶች የስብና የውሃ መልስ ተቃራኒ ስለሚሆን በዙሪያው ያለ ስብ በመጠኑ ይደበዝዛል።

አምስተኛ፦ የምስሉ ቅንጣት መጠን። ቅንጣቷ ባነሰች ቁጥር ቀጭን ሥር ይታያል። የተለመደው ከ0.5 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ነው። ነገር ግን ዋጋ ይከፈልበታል። የቅንጣቷ ሦስቱም ጎኖች በግማሽ ቢቀነሱ ይዘቷ አንድ ስምንተኛ ይሆናል፤ መልሷም በዚያው ልክ ይዳከማል። ያንን በመደጋገም ብቻ ለመካስ 64 እጥፍ ጊዜ ያስፈልጋል። “ማሽኑን በጣም አጥሩልን” ማለት ሁልጊዜ የማይቻለው ለዚህ ነው።

ስድስተኛ፦ የደም መልሶችን ማጥፋት። ደም ቅዳዎች ከታች ወደ ላይ ሲመጡ ደም መልሶች ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ። ሁለቱ አብረው ቢያበሩ ምስሉ ይደበላለቃል። ባለሙያው ከሚነሣው ክፍል በላይ አንድ የሞገድ አጥር ያደርጋል። ከላይ የሚወርደው ደም በአጥሩ ደክሞ ስለሚገባ አይታይም፤ የሚያበሩት ደም ቅዳዎች ብቻ ይሆናሉ።

በመጨረሻም ኮምፒውተሩ ከመቶ የሚበልጡ ስስ ምስሎችን ሰብስቦ በእያንዳንዱ መስመር ላይ ያለውን ነጩን ነጥብ ብቻ ይመርጥና እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚዞር አንድ ምስል ይሠራል። የሚያምረው ምስል ይህ ነው። ጠንቃቃ የራዲዮሎጂ ሐኪም ግን በእርሱ ብቻ አይፈርድም፤ ወደ ስስ ምስሎቹ ተመልሶ ያረጋግጣል።

ምስሉ መቼ ሊያሳስት ይችላል?

የምሳሌያችን አባት ልባቸው ደካማ ቢሆን ደማቸው ቀርፋፋ ይሆናል። በወፍራም ክፍልና በትልቅ ማዕዘን ቢነሡ፣ ጤነኛ ሥራቸው የተዘጋ ሊመስል ይችላል። በጣም በጠበበ ቦታ ላይ ደግሞ ደሙ ስለሚሽከረከር መጥበቡ ከእውነቱ የባሰ መስሎ ይታያል። ሥሩ በአግድም በሚታጠፍበት ቦታም እንዲሁ ደሙ በአንድ ክፍል ውስጥ ስለሚቆይ ይደበዝዛል። በተቃራኒው ከጥቂት ቀናት በፊት የፈሰሰና የረጋ ደም በራሱ ጠባይ ነጭ ሆኖ፣ የሚሄድ ደም ሊመስል ይችላል። 3 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑ የደም ሥር እብጠቶችን ይህ ምርመራ በአብዛኛው ያገኛል፤ ከዚያ ያነሱት ግን ሊያመልጡ ይችላሉ።

ስለዚህ ሐኪሙ “በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት ጨምረን እንድገመው” ወይም “በሌላ ምርመራ እናረጋግጥ” ቢል የመጀመሪያው ገንዘብ በከንቱ ወጣ ማለት አይደለም። አንድን ሰው ባልተዘጋ ሥር ምክንያት ለአደገኛ ሕክምና ከማቅረብ፣ የተዘጋውንም ክፍት ነው ብሎ ከመሸኘት አንድ ጊዜ ማረጋገጥ ይሻላል።

ለወላዶች የተለየ ማስታወሻ

ስትሮክ የአረጋውያን ብቻ አይደለም። በእርግዝና መጨረሻና በአራስነት ወራት ደም የመርጋት ባሕርዩ ይጨምራል። የሰውነት ውሃ ማጣትና ኢንፌክሽን ሲጨመርበት በአንጎል ደም መልሶች ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። ምልክቱ በቀናት ውስጥ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ የዓይን ብዥታ ወይም የሚጥል ዓይነት መንቀጥቀጥ ነው። አራሷን “ብርድ ነው” ብሎ በቤት ማቆየት ያስቆጫል።

እዚህ ላይ የማሽኑ አስተካከል ይገለበጣል። አጥሩ ከላይ መሆኑ ይቀርና ከታች ሆኖ ደም ቅዳዎችን ያጠፋል፤ ደም መልሶቹ ይበራሉ። ሌላም የደምን ፍጥነት የሚለካ ዘዴ አለ። በእርሱ ላይ ባለሙያው የሚጠብቀውን ከፍተኛ ፍጥነት አስቀድሞ ለማሽኑ ይነግረዋል። ለደም ቅዳ በሰከንድ ከ60 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር፣ ለደም መልስ ደግሞ ከ15 እስከ 20 ገደማ ይሰጣል። ለደም ቅዳ የተሰጠው ቁጥር ለደም መልስ ቢቀር ቀርፋፋው ደም አይታይም። ስለዚህ የማዘዣው ወረቀት “ደም ቅዳ” ወይም “ደም መልስ” ብሎ መለየት አለበት። ስለ ወሊዱ ለባለሙያው መንገርም የቤተሰብ ድርሻ ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት

የኤም.አር.አይ. ማሽን በሁሉም ሆስፒታል አይገኝም፤ ያለውም አንዳንድ ጊዜ ይበላሻል። ስለዚህ ከሐሙሲት ወይም ከወረታ ታማሚ ይዛችሁ ከመነሣታችሁ በፊት ማሽኑ በሥራ ላይ መሆኑን፣ የደም ሥር ምርመራም እንደሚሠራ በስልክ ጠይቁ። ደካማ ማግኔት ባላቸው ማሽኖች ቀጭን የአንጎል ደም ሥሮች በደንብ አይታዩም። የማሽኑን ቴስላ መጠየቅ ነውር የለውም።

ማግኔቱ ሁልጊዜ እንደበራ ነው፤ ሰው ባይኖርበትም አይጠፋም። የልብ ምት ማስተካከያ፣ በደም ሥር ወይም በጆሮ ውስጥ የተተከለ ነገር፣ በአጥንት የገባ ብረት ካለ አስቀድሞ ይነገር። በጦርነት ወቅት በሰውነት ውስጥ የቀረ ጥይት ወይም ፍንጣሪ ያለው ሰው፣ በብየዳ ሥራ ዓይኑ ውስጥ ብረት ገብቶ የሚያውቅ ሰውም መደበቅ የለበትም፤ ብረቱ ተንቀሳቅሶ ሊጎዳ ይችላል። እርግዝናና ሉፕም ይነገሩ።

እህቶቻችን የሒጃብ መርፌና ስፒል፣ የፀጉር ጌጥ፣ ሐብልና ጉትቻ ሁሉ ቤት ትተው ይሂዱ። የብረት ክር የሌለው የጥጥ ሻርፕ ይዞ መሄድ ይመረጣል፤ ባለሙያው አይቶ ከፈቀደ በእርሱ ተሸፍኖ መነሣት ይቻላል። በሴት ባለሙያ መታየት ለምትፈልግ እህት ቀጠሮ ሲያዝ ቀደም ብሎ መጠየቅ ይቀላል። ኩል ታጥቦ ይምጣ፤ አንዳንዱ ኩል ብረት አዘል ስለሆነ በዓይን አካባቢ ያለውን ምስል ያበላሻል። በቆርቆሮ የታሸገ ሒርዝ፣ ቁልፍ፣ ሞባይልና ሰዓትም ወደ ክፍሉ አይገቡም።

ከሁሉም በላይ ግን አለመንቀሳቀስ ነው። የደም ሥሩ ምርመራ ብቻ አምስት ደቂቃና ከዚያ በላይ ይወስዳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ራስን ማነቃነቅ፣ መዋጥና ማሳል ከላይ የተዘረዘረውን አስተካከል ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። ጠባቡ ቦታ የሚያስፈራው ሰው አስቀድሞ ይናገር፤ ዓይንን ጨፍኖ ቀስ ብሎ መተንፈስና በልብ ዚክር ማድረግ ያረጋጋል። ለመጥሪያ የሚሆን መጫኛም በእጅ ይሰጣል።

ሲጨርሱ በወረቀት ወይም በፊልም የታተመውን ብቻ ሳይሆን ሙሉ ምስሎቹን የያዘ ሲዲ ጠይቃችሁ ውሰዱ። ጎንደርም ሆነ አዲስ አበባ ሌላ ሐኪም ቢያየው ስስ ምስሎቹን ይመለከታል፤ ዳግም ክፍያም ያድናችኋል።

ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በጾም ላይ ሆኖ መነሣት ይቻላል?
መልስ፦ ያለ መድኃኒት ለሚሠራው የደም ሥር ምርመራ መብላትም መጾምም ግዴታ የለም። የሚሰጥ መርፌ ካለ ስለ ጾሙ ዓሊም መጠየቅ ተገቢ ነው። ድንገተኛ የስትሮክ ምልክት ግን ኢፍጣርን አይጠብቅም።

ጥያቄ፦ የደም ግፊት ኪኒን በረመዳን ሊቋረጥ ይችላል?
መልስ፦ በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አደገኛ ነው። ብዙዎቹ ኪኒኖች በሱሑርና በኢፍጣር ሰዓት እንዲወሰዱ ሐኪሙ ሊያስተካክላቸው ይችላል። ረመዳን ከመግባቱ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀደም ብላችሁ አማክሩት።

ጥያቄ፦ የሚሰጠው የመርፌ መድኃኒት ይጎዳል?
መልስ፦ ጋዶሊኒየም ይባላል፤ ለአብዛኛው ሰው ችግር የለውም። ከባድ የኩላሊት ሕመም ላለበት ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በፊት የኩላሊት የደም ምርመራ ይደረግ። ለነፍሰ ጡር በጣም አስፈላጊ ካልሆነ አይሰጥም። የምታጠባ እናት ማጥባቷን መቀጠል ትችላለች።

ጥያቄ፦ ምልክቱ ከጅኒ ይሁን ከሕመም በምን እናውቃለን?
መልስ፦ ፊት መጣመም፣ የአንድ ወገን እጅ ወይም እግር መስነፍ፣ ንግግር መያያዝ፣ ድንገት የሚፈነዳ ከባድ ራስ ምታት ሲመጣ ሰዓቱን መዝግባችሁ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሂዱ። ዱዓው በመንገድም ይደረጋል። ሕክምናው ከዘገየ ግን የሞተው የአንጎል ክፍል አይመለስም።

ከማሽኑ በፊት የሚቀድመው

ምስል በሽታን ያሳያል እንጂ አይከላከልም። የስትሮክ ትልቁ መንስኤ ያልታከመ የደም ግፊት ነው፤ እርሱም ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም። መለኪያው በጤና ጣቢያ ይገኛል፤ ምርመራው የሚወስደውም ጥቂት ደቂቃ ነው። ከ40 ዓመት በላይ የሆናችሁ ሁሉ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ተለኩ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። ወጡ ላይ የሚገባውንም፣ ሩዙ ላይ የሚነሰነሰውንም ይጨምራል። ሲጋራ የደም ሥርን ግድግዳ ያቆስላል። ጫት የደም ግፊትንና የልብ ምትን ከፍ ያደርጋል። ስኳር ያለበት ሰው ስኳሩን ይቆጣጠር። ከሩዙና ከእንጀራው ጋር ጎመን፣ ሽንኩርት፣ ምስርና ሽንብራ ይብዛ፤ የጣና ዓሣም በጥልቅ ዘይት ከመጠበስ ይልቅ በወጥ መልክ ቢበላ መልካም ነው።

ወደ ሐሙሲቱ አባት እንመለስ። ቤተሰባቸው “ምስሉ በእርግጥ የሚጠቅም ነገር ያሳያል ወይ?” ብሎ ነበር። መልሱ “አዎ” የሚሆነው ሦስት ሰዎች ድርሻቸውን ሲወጡ ነው። ሐኪሙ የትኛውን ሥር ለምን ማየት እንደሚፈልግ አጥርቶ ሲጽፍ፣ ባለሙያው ማሽኑን ለእኚህ አባት ደም ፍጥነት ሲያስተካክል፣ እርሳቸውም እውነቱን ተናግረው ሳይንቀሳቀሱ ሲተኙ። የጠበበው ሥር በጊዜ ከታወቀ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት፣ የደም ግፊትና የስብ ኪኒን፣ አንዳንዴም የአንገት ሥር ሕክምና ትልቁን ስትሮክ ሳይመጣ ሊያስቀረው ይችላል።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ጽሑፍ ካነበባችሁ በኋላ የቤታችሁን ታላላቆች ደም ግፊታቸውን መቼ እንደተለኩ ጠይቋቸው። አላህ ለታመሙት ሺፋውን፣ ለሁላችንም ዓፊያውን ይስጠን። ወሰላሙ ዐለይኩም።